ሽንት አልታዘዝ ሲል

ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የዜማ ተማሪ ከየአገሩ ተሰዶ የሚመጣው ድጓውን እዚያ ለማስመስከር ነው። በበዓል ሌሊት መቋሚያ ተደግፎ እስኪነጋ ማኅሌት መቆም አለ። እስቲ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ወድቆ ወገቡን የተጎዳ አንድ የድጓ ተማሪ በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉ። ከወራት በኋላ እግሩ ተነሥቷል፤ ሽንቱ ግን አልታዘዝ ብሏል። ማኅሌቱ መሀል ሳያስበው ያመልጠዋል። ስለዚህ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ደጀ ሰላሙ ጥግ ይቀመጣል። ጓደኞቹ ሲጠይቁት «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል። እንዳይረጥብ ብሎም ውሃ መጠጣት ትቷል። ይህን ምዕራፍ የጻፍሁት እንደ እሱ አፍረው ዝም ላሉት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ፤ ሽንት የሚያመልጠው ሰው ፊኛው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አፉ ድረስ የሞላ እንስራ ትንሽ ሲነቃነቅ ይፈሳል፤ የሚፈሰው ግን ትርፉ ብቻ ነው፣ ውስጡ እንደሞላ ይቀራል። ፊኛም እንዲሁ ነው።

ፊኛ ሁለት ሥራ አለው፤ ማጠራቀምና መጣል። ሁለቱንም የሚያዝዘው በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ነርቭ ነው። ጉዳቱ ከወገብ በላይ ሲሆን ፊኛው ሳይታዘዝ በራሱ ይኮማተራል፤ መውጫው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይዘጋል። መውጫ ያጣው ሽንት ወደ ላይ፣ ወደ ኩላሊት ይገፋል። ጉዳቱ ታች ሲሆን ፊኛው ይዝላል፤ ይሞላል እንጂ አይጨምቅም። ሕክምናው የሚለየውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሐኪም በመጀመሪያ የሚያስበው ልብስ እንዳይረጥብ ሳይሆን ኩላሊት እንዳይጠፋ ነው፤ እኔም ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን አለበት እላለሁ።

መንስኤው መውደቅና የመኪና አደጋ ብቻ አይደለም። የጀርባ አጥንት ቲቢ፣ ለዓመታት ያልተያዘ ስኳር፣ ስትሮክ፣ ሕፃን ሲወለድ የሚታይ የአከርካሪ ክፍተት ሁሉ ነርቩን ይጎዳሉ። የጋይንት ሰው ጓያንም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመጣ በጎረቤት በደላንታና በዳውንት ጓያ ላይ ከወደቀው ሕዝብ መካከል እግሩ ተሳስሮ የቀረው ብዙ ነው። አንዳንዱ ላይ ሕመሙ ሲጀምር ሽንትም ያጣድፋል። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት ንፍሮውንና እሸቱን መብላት አደጋውን እንደሚያብስ፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ግን እንደሚቀንሰው አሳይቷል።

ምጥ ጠንቶባት ከወለደች በኋላ ቀን ከሌት ሽንት የሚፈስሳት ሴት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ያ ፊስቱላ፣ ማለትም ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ የሚድነውም በቀዶ ሕክምና ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሕር ዳር ማዕከል ከፍቷል፤ ሕክምናው በነጻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፊኛው በራሱ ካልጨመቀ ሽንቱን በሰዓቱ በቀጭን ቱቦ ማስወጣት ነው፤ ካቴተር ይባላል። ሐሳቡ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ነርቩ ለተጎዳ ፊኛ ይህ የብዙ ሰው ዕድሜ ያስረዘመ ሕክምና ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አከርካሪው የተመታ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በሽንት ኢንፌክሽንና በቁስል ነበር። ይህን ከለወጡት ሐኪሞች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የሠሩት ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። የእኛው አበበ ቢቂላ መጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ሲሆን የታከመው በዚያው ሆስፒታል ነው፤ በዓመቱም እዚያ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ተወዳድሯል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ጃክ ላፒዲስ ትልቁን ነገር አሳዩ፤ በሽተኛው ራሱ፣ እቤቱ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ንጹሕ ቱቦ ቢጠቀም ይበቃዋል፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ዓይነት ንጽሕና የግድ አይደለም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ብልትም ይታጠባል። ቱቦው በጄል ይለሰልሳል። ወንድ ብልቱን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል፤ ሴት መጀመሪያ አካባቢ መስታወት ትጠቀማለች። ቱቦው ቀስ እያለ ይገባል፤ ካስቸገረ አይገፋም፣ ትንፋሽ ተወስዶ ይጠበቃል። ሽንቱ ሲመጣ እስኪያልቅ ይተዋል፤ ከዚያ ቱቦው በዝግታ ይወጣል። ይህ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይደረጋል። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ከበለጠ ሰዓቱ ይቀራረባል። መጀመሪያ ግን ነርስ ፊት ተቀምጦ መማር ያስፈልጋል። ያ የድጓ ተማሪ ከማኅሌት በፊት ፊኛውን ባዶ አድርጎ ቢገባ ለሰዓታት መቆም ይችላል።

ሆድን በእጅ ተጭኖ ሽንት ማስወጣት በየሰፈሩ ይመከራል። ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክሩት፤ መውጫው ከተዘጋ ግፊቱ የሚሄደው ወደ ኩላሊት ነው። ውሃ መተውም አይጠቅምም፤ ሽንቱ ይወፍራል፣ ኢንፌክሽንና ጠጠርም ይከተላል። ቀን ቀን ይጠጡ፤ ከመኝታ በፊት ይቀንሱ። በጾም ወራት ይህ ከከበደ ለንስሐ አባትዎ በግልጽ ይንገሩ፤ ሕመም ነውና።

ፊኛው ያለ ትእዛዝ ለሚኮማተርበት ሰው የሚያረግበው መድኃኒት አለ፤ ከቆዩት አንዱ ኦክሲቡታይኒን ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በዕድሜ የገፋን ሰው ግራ ያጋባል። ፊኛው በደንብ ለማይጨምቅ ሰው ብቻውን ከተሰጠ ሽንቱን ይበልጥ ያቁራል፤ ስለዚህ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ አይደለም። መድኃኒቱ ካልበቃ ቦቶክስ በፊኛው ግድግዳ ላይ ይወጋል፤ ለወራት ያቆየዋል፣ ከዚያ ይደገማል። ከአንጀት ቆርጦ ፊኛን የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምናም አለ። ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ መሣሪያ በውጭ አገር ይቀበራል፤ ዋጋው ለአብዛኛው ሰው የሚቀመስ አይደለም። በቋሚነት የሚቀመጥ ቱቦ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ይረዳል፤ ነገር ግን ኢንፌክሽንና ጠጠር ስለሚያበዛ የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን።

ሽንት ስለደፈረሰ ብቻ አንቲባዮቲክ አይዋጥም፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጎን ሕመም ካለ ግን በዚያው ቀን መታየት ያሻል። ድንገት ሽንት እምቢ ብሎ በመቀመጫና በጭን መካከል ቢደነዝዝም እንዲሁ ነው፤ አይደርም። ደረቱ መሀል ወይም ከዚያ በላይ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ራሱን አጥብቆ ካመመውና ፊቱን ላብ ካጠመቀው ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ ቱቦ ካለው መታጠፉን ይዩ፣ ከሌለው ፊኛውን ባዶ ያድርጉለት። የደም ግፊቱ ለሕይወቱ እስኪያሰጋ ሊወጣ ይችላልና ካልተሻለው ወደ ሐኪም ያሩጡት።

ነፋስ መውጫም ይሁን ደብረ ታቦር፣ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ብርድ ነው» አይበሉ። የሦስት ቀን የሽንት ሰዓትዎን በወረቀት ጽፈው ይያዙ። የኩላሊትዎ ሥራ በደም እንዲመረመር፣ አልትራሳውንድም ከሽንት በፊትና በኋላ እንዲታይ ይጠይቁ። ጥያቄዎም ይህ ይሁን፤ «ከሸናሁ በኋላ ፊኛዬ ውስጥ ስንት ይቀራል?»