ስለ ጡት ካንሰርና የሰውነትን መከላከያ ስለሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች

በባዮሎጂ ትምህርታችን ስለ በሽታ መከላከያ ኃይል ስንማር አንድ ጥያቄ በአእምሮዬ ቀረ። ይኸውም «ሰውነታችን የሚከላከልልን ከሆነ ካንሰርን ስለ ምን አያጠፋውም? መከላከያውን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ቢሰጠውስ ያጠፋው ይሆን?» የሚል ነው። ነገሩ የክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው። በ2020 በኢትዮጵያ ወደ 16,000 የሚጠጉ ሴቶች በዚህ በሽታ አዲስ እንደ ተያዙ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ጉዳዩ እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን የሚመለከት ስለሆነ የተረዳሁትን ባጭሩ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ብግነት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የገበሬን እግር እሾህ ሲወጋው ስፍራው ይቀላል፤ ይሞቃል፤ ያብጣል፤ ያማል። ይህን የሚያደርገው እሾሁ ሳይሆን የገበሬው የራሱ ሰውነት ነው። በስፍራው ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ የፕሮቲን መልእክተኞችን ይልካሉ። ከእነዚህም መካከል ቲ.ኤን.ኤፍ.፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርፌሮን ጋማ ይገኛሉ። መልእክተኛው በሌላው ሕዋስ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ትእዛዙ እስከ አስኳሉ ድረስ ይዘልቃል። ይህም ቤቱ እሳት የተነሣበት ሰው እሪ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ውኃ ይዞ እንደሚሮጥ ያለ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን እሪታው መቆም አለበት።

የካንሰር ተንኰል ከዚህ ላይ ነው። ካንሰር ከገዛ ራሳችን ሕዋስ የሚነሣ ስለሆነ እንደ ብጉንጅ ፈጥኖ እሪታ አያስነሣም። ስለዚህ የጡት ካንሰር እብጠት በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ይሁን እንጂ በዕጢው ውስጥ እንደ ተዳፈነ ፍም ያለ ዝግተኛ ብግነት ይኖራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሆ ነጭ የደም ሕዋሳት በዕጢ ውስጥ መኖራቸውን በ1863 አመልክቶ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀውም ኢንተርሉኪን 6 ለብዙ ጊዜ ሳያቋርጥ ሲፈስ፣ ስታት 3 የሚባለውን በሕዋስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ቀስቅሶ የካንሰሩ ሕዋስ እንዲባዛና እንዳይሞት ያግዘዋል። ለመጠበቂያ የተፈጠረው መልእክት ለጠላት ስንቅ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ሐኪሞች መከላከያውን በመድኃኒት ለመቀስቀስ ሲሞክሩ የገጠማቸውን በሦስት ምሳሌ እንይ።

አንደኛው ሌቫሚዞል ነው። በአገራችን ለበግና ለፍየል የሆድ ትል ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ቴትራሚዞል ስለሆነ፣ በጋሞ ደጋ በግ የሚያረባ ሰው ስሙን አያጣውም። ሌቫሚዞል የዚሁ መድኃኒት አንዱ ወገን ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የሰውነትን መከላከያ ያበረታል ተብሎ ለጡት ካንሰር ተሞከረ፤ ነገር ግን የተጠበቀውን ጥቅም አላስገኘም። በ1990 አሜሪካ ከሌላ መድኃኒት ጋር ለትልቁ አንጀት ካንሰር ፈቀደችው። በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ነጭ የደም ሕዋሳትን እስከ ማሳጣት የሚያደርስ በመሆኑና የተሻለ ሕክምና በመገኘቱ በ2000 ገደማ ከዚያው ገበያ ወጣ። ቀስቃሽ የተባለው ጦሩን ያሳነሰበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቢ.ሲ.ጂ. ነው። ይህ ሕፃናት እንደ ተወለዱ በክንዳቸው የሚወጉት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። በ1976 ዶክተር አልቫሮ ሞራሌስ በካናዳ ይህንኑ በሽንት ፊኛ ውስጥ ቢጨምሩት፣ በስፍራው ብግነት አስነሥቶ የፊኛው ካንሰር እንዳይመለስ እንደሚረዳ ገለጹ። እስከ ዛሬም ይሠራበታል። እሪታው ካንሰሩ ካለበት ከራሱ ስፍራ ስለ ተነሣ ጠቀመ።

ሦስተኛው ፔምብሮሊዙማብ ነው። ኢንተርፌሮን ጋማ ጦሩን ሲጠራ የካንሰሩ ሕዋስም ያንኑ ጥሪ ሰምቶ ፒ.ዲ.ኤል. 1 የሚባል ፕሮቲን በላዩ ያወጣል። ይህም ፒ.ዲ. 1 የሚባለውን የቲ ሕዋስ ልጓም ይዞ ተዋጊውን ያቆመዋል። ስለ ልጓሞቹ ሥራ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ፔምብሮሊዙማብ አዲስ እሪታ አይጨምርም፤ ልጓሙን ይፈታል እንጂ። ሦስቱ የታወቁ ተቀባዮች በሌሉት የጡት ካንሰር ላይ ተሞክሮ በ2020 በታተመው ውጤት፣ ሌላውን የካንሰር መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶው 51፣ ፔምብሮሊዙማብ ከተጨመረላቸው ደግሞ ከመቶው 65 ያህሉ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ወራሪ ካንሰር አልተገኘባቸውም። ሆኖም የተፈታው ጦር ጤናማውን አንጀት፣ ሳንባና የእንቅርት ዕጢ ሊያጠቃ ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ብግነቱን የሚያበርድ መድኃኒት ለመስጠት ይገደዳል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ የመከላከያ ኃይልን ዝም ብሎ ማብዛት ፈውስ አለመሆኑን ነው። ፈውስ የሚሆነው ተገቢው መልእክት በተገቢው ስፍራና ጊዜ ሲደርስ ነው። ስለዚህ «ኃይል ይጨምራል» የተባለውን ሁሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ ለካንሰር መውሰድ አይገባም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ከተመረመሩት ሕመምተኞች ከመቶው 65 ያህሉ የሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር የነበራቸው ናቸው። ለእንደነዚህ ያሉት ከቀዶ ሕክምና ጋር ታሞክሲፌን የሚባለው የሚዋጥ ኪኒን ብዙ ይጠቅማል። ይህ ኪኒን መከላከያን አይቀሰቅስም፤ ካንሰሩ የሚመገብበትን የሆርሞን መልእክት ይዘጋል እንጂ።

በጫሞና በአባያ ዙሪያ፣ በደጋም በቆላም የምትገኙ እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ ብዙ ሰው «ካላመመኝ ምን አለብኝ» ይላል። የጡት እብጠት ግን የማያምመው የሰውነት እሪታ ገና ስላልተነሣ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ካንሰሩ ሥር እስኪሰድ ጠበቀ ማለት ነው። በጡታችሁ ወይም በብብታችሁ ጉጥ ብታገኙ፣ የጡታችሁ ቆዳ ቢጨማደድ፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ቢገባ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። እኛም ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን በየቤታችን በቋንቋቸው እናንብብላቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።