«ባልሽ የታለ?» — ልጅ ስንጠብቅ ሁለታችንም እንመርመር

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ከቁጥር 1 እስከ 7

የዛሬው ትምህርት በጉባኤ ፊት የማንናገረው፣ ማታ ማታ ግን በየድንኳኑ የሚለቀስበት ነገር ነው። ልጅ ፈልገው ስለዘገየባቸው ባልና ሚስት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የምጽፍላችሁ ጀሪፍ ሳለን እኔና ባለቤቴ ያየነውንና ሐኪሞች ያስረዱንን ነው። ባለቤቴ አንብባው «ጻፈው» ብላኛለች።

የሐናን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕልቃና ሁለት ሚስቶች ነበሩት። ፍናና ወለደች፣ ሐና አልወለደችም። በየዓመቱ ወደ ሴሎ ሲወጡ ፍናና ታስቆጣታለች፤ ሐና ታለቅሳለች፣ እህልም አትበላም። ባሏ ይወዳታል፣ ሊያጽናናትም ይሞክራል፤ ግን ሕመሟ አይገባውም። ካህኑ ዔሊ ደግሞ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሰከረች መሰለው። ሳይጠይቅ ፈረደባት። ስታስረዳው ግን ቃሉን መለሰና ባረካት።

እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ መሰላችሁ። ስሰብክ ሁልጊዜ ሐናን በባለቤቴ ቦታ አደርጋት ነበር። ራሴን በማን ቦታ እንደማደርገው አስቤ አላውቅም። አንድ ነገር ልብ አላልኩም፤ ሕልቃና ከፍናና ልጆች ነበሩት። እኔ ምን ነበረኝ? ምንም። ያም ሆኖ «ችግሩ ከእሷ ነው» ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ጀሪፍ ላይ የሆነው

የተጋባነው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ካርቱም ገባን፤ ጀሪፍ ቤት ተከራየን። ባለቤቴ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እኔ ዓባይ ዳር ካሉት የጡብ ምድጃዎች አንዱ ላይ ጡብ አቃጥላለሁ። ጀሪፍ የነበራችሁ ያንን ጭስ ታውቁታላችሁ። እሑድ ማታ ደግሞ በቤት ውስጥ ኅብረት አገለግላለሁ።

ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት አለፈ። እናቴ ከአገር ቤት ስትደውል ለእኔ «እንዴት ነህ»፣ ለእሷ ግን «አሁንም የለም?» ትላታለች። ኅብረት ውስጥ ለጸሎት ወደ ፊት የምትወጣው እሷ ብቻ ናት። እኔ እጅ ከሚጭኑት ጋር እቆማለሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤት የነገራትን ሰምታ ከአንድ ሰይደሊያ እንቁላል የሚያበዛ ክኒን ገዛች። ያለ ምርመራ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ነው የሸጡላት። ሁለት ወር ዋጠች፤ ሆዷን አመማት፣ ራሷን አዞራት። እኔ አላስቆምኳትም።

በመጨረሻ ገንዘብ አጠራቅማ ብቻዋን ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። ስሟን ጠየቀቻት፣ ዕድሜዋን ጠየቀቻት፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ወይን ራጅሊክ?» አለቻት። ባልሽ የታለ ማለት ነው። «ሥራ ላይ ነው» አለች ባለቤቴ። ሐኪሟም «እንግዲያው ግማሹን ሰው ነው የማየው፤ ይዘሽው ነይ» አለቻት።

እኔ አልሄድኩም። ስምንት ወር አልሄድኩም። ሥራ አለ፣ ከሻ አለ፣ ገንዘብ የለም እል ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። ወንጌላዊ ነኝ፣ ሰው ፊት እቆማለሁ፤ ችግሩ ከእኔ ቢሆንስ? ስምንቱን ወር ሁሉ ስድቡን የተሸከመችው እሷ ናት።

ሐኪም ዘንድ ምን ይደረጋል?

በጥር 2015 ዓ.ም. ሄድኩ። ያስተማሩንን በተራ ላስቀምጥላችሁ።

በመጀመሪያ፣ መቼ ነው የሚኬደው? ያለ መከላከያ አዘውትረው እየተገናኙ 12 ወር ሙሉ ካልተጸነሰ ሁለቱም ይመርመሩ ይባላል። ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል። የወር አበባዋ የሚዛባ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት የማሕፀን ኢንፌክሽን ከነበረባት፣ ወይም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ ትኩሳት ይዟት ከነበረ ያን ያህል አትጠብቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ውስጥ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ስለዚህ እዚህ ካምፕ ውስጥም ብቻችሁን አይደላችሁም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ ነው። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችን፦ የወር አበባ በስንት ቀን ይመጣል? ከዚህ በፊት ጽንስ ነበረ? የአባላዘር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ቀዶ ሕክምና? እኔን ደግሞ ልጅ ሳለሁ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ እንደሆነ፣ እንደማጨስ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ። እዚህ ላይ አትዋሹ። የደበቃችሁት ነገር መልሱ ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ደግሞ የምታምኑትን ሰው ምረጡ፤ የጎረቤት ልጅ አታስተርጉሙ።

ሦስተኛ፣ የወንዱ ምርመራ። ቀላሉ ይህ ነው፤ መርፌ የለውም፣ ሕመም የለውም። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ሳይገናኙ ቆይቶ ዘሩን ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ መስጠት ነው። ቤት ከተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ እንዳይቀዘቅዝም ከሰውነት ጋር ተጠግቶ ይያዛል። እኔ በኪሴ ይዤ በሪክሻ ነው የሄድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መስሎኝ ነበር። ብዛቱን፣ እንቅስቃሴውንና ቅርጹን ያያሉ። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዛቱ ደህና ይባላል። ከዚያ ቢያንስም ፈጽሞ አይወለድም ማለት አይደለም።

አራተኛ፣ የሴቲቱ ምርመራ። እንቁላል በየወሩ መውጣቱን፣ ሆርሞኑንና የእንቅርት ዕጢውን በደም ያያሉ። የወር አበባዋ በ28 ቀን ለሚመጣ ሴት አንዱ የደም ምርመራ በ21ኛው ቀን ይደረጋል፤ ስለዚህ የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ማሕፀኗንና እንቁላል ማምረቻዋን በአልትራሳውንድ ያያሉ። ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ በማሕፀን በኩል ፈሳሽ ገብቶ ራጅ ይነሣል፤ ይህ የወር አበባ ካበቃ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ ነው የሚደረገው፤ ትንሽ ቁርጠት አለው። ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ሳይታከሙ በቆዩ እንደ ጨብጥና ክላሚዲያ ባሉ በሽታዎች፣ ከወሊድና ከውርጃ በኋላ በሚመጣ ኢንፌክሽን፣ በነቀርሳም ነው። እንግዲህ በእርግማን አይደለም። እንደ ጨብጥና ክላሚዲያ ያሉት ሲያዙ ባልና ሚስት አብረው ይታከማሉ፤ አንዱ ብቻ ቢታከም ይመላለሳል።

ውጤቱ

የባለቤቴ ምርመራ ደህና ሆነ። የእኔ ቁጥሩ አነስተኛ፣ እንቅስቃሴውም ደካማ ነበር።

ሐኪሟ አልጮኸችብኝም። በአንድ ምርመራ አይፈረድም አለችኝ። ከዚያ በፊት ወባ ይዞኝ ነበር፤ ከፍተኛ ትኩሳት ዘርን ያዳክማል። ሥራዬንም ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። የወንድ ፍሬ ከሌላው ሰውነት ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት መቆም ሊጎዳ ይችላል። አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ወር በላይ ስለሚወስድ፣ ከምድጃው ወጥቼ በሦስት ወር እንድመለስ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ጉልበት ይሰጣል እየተባለ የሚሸጠውን የወንድ ሆርሞን መርፌም እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ፤ እሱ ጭራሽ ዘሩን ያደርቃል።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። ምንም አላለችኝም፤ ቡና አፈላች። ማታ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ከእሷ አይደለም። የእኔ ነው ጉድለቱ» አልኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ስልኩን ለእሷ ስጣት» አለችኝ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ከምድጃው ወጥቼ ቀለም ቀቢ ሆንኩ። ቀጠሮዬ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነበር። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ስንሸሽ ባለቤቴ የምርመራውን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። አሁንም አለ።

ጸሎትና ሐኪም

አንዳንዶቻችሁ «ወንጌላዊው እምነት አነሰው» ትሉ ይሆናል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፣ ዕድሜም ጨመረለት። ከዚያም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና በቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ጸሎቱ ከተሰማ በኋላ እኮ ነው! ኢሳይያስ መድኃኒቱን አልናቀም። እኛ ማነን የምንንቀው?

ምርመራ ለሁሉም ልጅ አያስገኝም፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሁለቱም ደህና ሆነው ምክንያቱ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። በክኒን የሚድን አለ፤ በቀዶ ሕክምና የሚድን አለ፤ ከሰውነት ውጭ እንዲጸነስ የሚረዳ ሕክምና የሚያስፈልገው አለ። ይህኛው ውድ ነው። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕከል እንዳለው ለማወቅ ያህል እነግራችኋለሁ፤ ለእኛ ዛሬ ሩቅ ነው። ቅርብ ያለው ግን አለ፦

— ባልና ሚስት አብራችሁ ወደ ካምፑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የትኛውን ምርመራ እዚህ እንደሚሠሩ፣ ለየትኛው ወደ ከተማ ሪፈር እንደሚጽፉ ጠይቁ። የቆየ ወረቀት ካላችሁ ያዙ።
— እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ቀን መቁጠር ካስቸገራችሁ በየሁለት ሦስት ቀኑ መገናኘት ይበቃል።
— እህቶች፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ክኒን ሳታረግዙ በፊት ጀምራችሁ እንድትወስዱ ጠይቁ፤ ለሚጸነሰው ልጅ አከርካሪ ይጠቅማል።
— ወንድሞች፣ ሲጋራና ሺሻ ተዉ። «እኔ ድሮ ወልጃለሁ» ማለትም ነጻ አያወጣም፤ የወለደ ሰውም በኋላ ሊቸገር ይችላል።
— ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አትግዙ።

በየቤታችሁ ለመወያየት

1. ዔሊ ሐናን ከመጠየቁ በፊት ምን አሰበ? እኛስ ልጅ የሌላትን እህት ስናይ መጀመሪያ ምን እናስባለን?
2. በኅብረታችን ለጸሎት ስትወጣ ባሏ የት ነው የሚቆመው?
3. «መካን» የሚለውን ቃል ሰው ላይ መጥራት እንተው ዘንድ በየቤታችን እንዴት እንስማማ?
4. ባሎች ብቻ፦ ሚስትህ ስለ አንተ የተሸከመችው ስድብ አለ? ለማን ደውለህ ልታነሣላት ትችላለህ?

የሚመጣው ረቡዕ ከጸሎት በኋላ እኔና ባለቤቴ ቤታችን ነን። ለመነጋገር የምትፈልጉ ጥንዶች አብራችሁ ኑ። ባል ብቻውን ቢመጣ፣ ወይም ሚስት ብቻዋን ብትመጣ፣ እኛም እንደዚያች ሐኪም «የታለ? የታለች?» እንላለን፤ አትቀየሙን። ወሬው ከእኛ አይወጣም። ጤና ጣቢያው ለእኔም የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሰጥቶኛል፤ በጸሎት አስቡን።