ስለ ስውር ነጋዴና ስለ ሐሰት ምስክር

ንግድ በራሱ የተነቀፈ ሥራ አይደለም። ነጋዴ ዕቃውን ለገበያ ማቅረቡና መልካምነቱን በገዛ አፉ መናገሩ የተፈቀደለት ነው፤ ሰሚውም ተናጋሪው ሻጭ መሆኑን ስለሚያውቅ ቃሉን መዝኖ ይቀበለዋል። በዘመናችን ግን ነጋዴው ሻጭነቱን ሰውሮ፥ ገዢ መስሎ የሚናገርበት ልማድ በኢንተርኔት ተስፋፍቷል። አንዱ ሰው በልዩ ልዩ ሐሰተኛ ስም ብዙ አካውንት ይከፍታል፤ በአንዱ ስም ስለ ዕቃው ይጠይቃል፥ በሁለተኛው ገዝቶ እንደ ተጠቀመበት ሆኖ ይመልሳል፥ በሦስተኛው የተወዳዳሪውን ዕቃ ያንኳስሳል። አንባቢው ሦስት ሰዎች የተነጋገሩ ይመስለዋል፤ ተናጋሪው ግን አንድ ነው።

ይህ ነገር በታላላቅ ድርጅቶችም ዘንድ ታይቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታይዋን የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን፥ ሳምሰንግ በዚያ አገር ሰዎችን በገንዘብ ቀጥሮ፥ እንደ ተራ ተጠቃሚ ሆነው የራሱን ስልክ እንዲያመሰግኑና የኤችቲሲን እንዲነቅፉ አድርጓል በማለት የ10 ሚሊዮን የታይዋን ዶላር መቀጫ ጣለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፥ ሰንደይ ራይሊ የተባለውን የቆዳ ቅባት አምራች ሠራተኞቹን በሐሰት ስም የደንበኛ ምስክርነት አስጽፏል ብሎ ከሰሰው። ይኸው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ሐሰተኛ የደንበኛ ምስክርነትን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል።

እኛ ግን ነገሩን ከመንግሥት ሕግ አስቀድመን በእግዚአብሔር ሕግ ልንመረምረው ይገባናል። የአንድ ሰው ቃል በጥቅም ወይም በጥላቻ ሊያዘነብል ስለሚችል፥ በኦሪት ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች እንዲጸና ታዟል። አንድ አፍ ራሱን አብዝቶ ሦስት ምስክር መስሎ ሲቆም ይህን ሥርዐት ከሥሩ ያፈርሰዋል።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክም እናስታውስ። ቅዱስ ጴጥሮስ የወቀሳቸው ከመሬታቸው ዋጋ ከፊሉን ስላስቀሩ አልነበረም፤ ገንዘቡ በሥልጣናቸው ነበርና። ያስቀሩትን ሰውረው ሁሉን የሰጡ መስለው በመቅረባቸው ነው እንጂ። ስውሩ ነጋዴም እንዲሁ ነው፤ ኃጢአቱ ማትረፉ አይደለም፥ ትርፉን ሰውሮ ወንድሙን በቅንነት የሚመክር መስሎ መቅረቡ ነው።

ምናልባት፥ ዕቃው በእርግጥ መልካም ከሆነ ማን ተጎዳ? የሚል ይኖራል። ዕቃው መልካም ቢሆንም ምስክሩ ሐሰት ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ከዚያ ወዲያ የእውነተኛውንም ምስክር ቃል አያምንም። እናት ለታመመ ልጇ ስለ መድኃኒት ስትጠይቅ የሚመልስላት ባለ መድኃኒቱ ራሱ ቢሆን፥ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትነሣ እኅት ስለ ደላላው ስትጠይቅ ያ ደላላ በሌላ ሴት ስም «በደኅና አድርሶኛል» ቢላት፥ ጉዳቱ ከገንዘብ አልፎ እስከ ሕይወት ይደርሳል።

ስለዚህ ነጋዴ የሆነ ምእመን ስለ ዕቃው ሲጽፍ ሻጩ እርሱ መሆኑን ይናገር፤ ዋጋ ተቀብሎ የሚያመሰግንም መቀበሉን ይግለጥ። በሌላ ሰው ስም እንዲጽፉ የሚቀጠሩ ወጣቶችም የሚቀበሉት የሐሰት ምስክርነት ዋጋ መሆኑን ይወቁ። ካህናት አባቶችም የንስሐ ልጆቻቸውን በሚዛን ስለ ማጭበርበር እንደሚጠይቁ ሁሉ ስለዚህም ይጠይቁ፤ የጻፉትን ሐሰት እንዲያጠፉ፥ እንደ ዘኬዎስም የበደሉትን እንዲክሱ ያስተምሯቸው።

እግዚአብሔር አምላካችን አንደበታችንንም እጃችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን፤ አሜን።