አሸዋ የሞላበት ከተማ

ዛሬ ሰው ትቶት ስለሄደ አንድ ከተማ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ስሙ ኮልማንስኮፕ ይባላል፤ የሚገኘው በናሚቢያ፣ በናሚብ በረሃ ውስጥ ነው።

ናሚቢያ በጀርመን ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ዘካርያስ ሌዋላ የሚባል ሠራተኛ በአካባቢው ከባቡር ሐዲድ ላይ አሸዋ ሲጠርግ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አገኘ። ለአለቃው ለኦገስት ስታውኽ አሳየው። ለካስ አልማዝ ነው! ስታውኽ ሀብታም ሆነ። ሌዋላ ግን ምንም ሽልማት አላገኘም። ያገኘው እኮ እሱ ነው! እኔን በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በረሃው ላይ ከተማ ተሠራ። ትምህርት ቤት፣ የራጅ መሣሪያ ያለው ሆስፒታል፣ የበረዶ ፋብሪካ ሳይቀር ነበረው። በ1928 ግን ወደ ደቡብ፣ በኦሬንጅ ወንዝ አካባቢ የበለጠ አልማዝ ሲገኝ ሰዎቹ ቤታቸውን እየተዉ ሄዱ። በ1956 ከተማው ባዶ ሆነ። የሚጠርግ ስለሌለ ነፋሱ አሸዋውን በበርና በመስኮት እያስገባ ክፍሎቹን ሞላቸው። አሁን ቱሪስቶች እየመጡ ይጎበኙታል።

ከጎን የሣልኩት ከቤቶቹ አንዱን ነው። ሌዋላንም አካፋ አስይዤ በሩ ላይ አቁሜዋለሁ።