እንግዳ ሆኖ ገብቶ ልጅ ሆኖ የወጣ

ሰው የማያውቀውን ይፈራል፤ የፈራውንም ይጠላል። ስለዚህ በሁለት አገሮች መካከል ጠብ እንዳይነሣ ከተፈለገ አስቀድሞ ሰዎቻቸው ሊተዋወቁ ይገባል። መተዋወቅም ስምን በሩቅ በመስማት ብቻ አይሆንም፤ በአንድ ማዕድ ቀርቦ በመብላትና በአንድ ቤት አድሮ አብሮ በመሥራት ነው እንጂ።

ይህን ነገር አጥብቀው ከተረዱት ሰዎች መካከል በጦር ሜዳ ቁስለኞችን ያመላልሱ የነበሩ መኪና ነጂዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሲካሄድ ሳለ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም.፣ አብራም ፒያት አንድሩ የተባለ አሜሪካዊ በፈረንሳይ አገር አንድ ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩም ስም አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ ተባለ። ከአሜሪካ በፈቃዳቸው የመጡ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች አምቡላንስ እየነዱ የቆሰሉትን የፈረንሳይ ወታደሮች ከጦር ሜዳ ወደ ሐኪም ቤት ያደርሱ ነበር። ሁለተኛውም የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በፊተኛው ጦርነት መኪና ነጂ የነበረው ስቲፈን ጋላቲ ማኅበሩን እንደ ገና አስነሥቶ መራው።

ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. ካለቀ በኋላ እነዚህ ሰዎች ስለ ወደ ፊቱ ተመካከሩ። ቁስለኛን ማንሣት መልካም ሥራ ነው፤ ሰው እንዳይቆስል ማድረግ ግን ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የየአገሩ ወጣቶች በሰው አገር ተቀምጠው እየተማሩ እንዲተዋወቁ በ1946 ዓ.ም. ቆረጡ። በ1947 ዓ.ም. ከ10 አገሮች የተውጣጡ 52 ተማሪዎች ወደ አሜሪካ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እየሰፋ ሄደ፤ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

የዚህ ትምህርት ደንብ እንዲህ ነው። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት ነው። በሰው አገር አንድ የትምህርት ዓመት ይቀመጣል። ማደሪያው ሆቴል አይደለም፤ በፈቃዱ የሚቀበለው ቤተ ሰብ ይገኝለታል። ከእነርሱ ጋር እንደ ልጅ ይኖራል፤ ጧት ጧትም ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወደ ተማሪ ቤት ይሄዳል።

በ1951 ዓ.ም. ደግሞ 75 ወጣቶች ከጀርመን አገር ተነሥተው ሚቺጋን ወደሚባለው የአሜሪካ ክፍል መጡ። ይህም ሬቸል አንድረሰን የተባለች ሴት የመራችው ዩዝ ፎር አንደርስታንዲንግ የተባለው ማኅበር መጀመሪያ ሆነ። ጦርነቱ ካለቀ ገና ስድስት ዓመቱ ነበረ። ትናንት ጠላት የነበረውን ሰው ልጅ ዛሬ በቤት ተቀብሎ ማሳደር ቀላል ነገር አልነበረም። ለሚቀበለውም ለሚመጣውም ከባድ ነበረ።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ልጅ በምሳሌ ይታሰብ። ልጁ ጀርመናዊ ነው፤ ዕድሜው 16 ዓመት ነው። በሚቺጋን ከሚኖር አንድ ገበሬ ቤት ገባ። ቤተ ሰቡ አከበሩት። ከሁሉ የተሻለውን ወንበር ሰጡት፤ ሥራም እንዳይነካ ከለከሉት። የቤቱ ልጅ በማለዳ ተነሥቶ ለላሞቹ ድርቆሽ ሲሰጥ እንግዳው ተኝቶ ያረፍድ ነበር።

ልጁ ግን ደስ አላለውም። በተማሪ ቤት አስተማሪው የሚናገረውን አይሰማም ነበር። ልጆቹም በሳቁ ጊዜ በእርሱ የሳቁበት ይመስለው ነበር። ማታ ማታ ብቻውን ክፍሉ ገብቶ ለእናቱ ይጽፋል። በደብዳቤውም ሁሉ ምግቡ እንደማይጥም፣ ሰዎቹም ባዕድ እንደ ሆኑ ይናገር ነበር።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ማታ የቤቱ እመቤት ጠራችውና፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ወዲህ እንግዳ አይደለህም። ማክሰኞና ሐሙስ ሳሕን የምታጥበው አንተ ነህ። ጧትም ከወንድምህ ጋር ወደ በረት ትወርዳለህ» አለችው።

ልጁ ተቈጣ። በአገሩ ሳሕን አጥቦ አያውቅም ነበርና የናቁት መሰለው። ነገር ግን ቀና ብሎ ቢመለከት የቤቱ ልጅ ወለሉን ሲጠርግ፣ አባትየውም እንጨት ተሸክሞ ሲገባ አየ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። እንግዳ ሥራ የለውም፤ ልጅ ግን ሥራ አለው። ሥራውን የሰጡት ሊያዋርዱት አልነበረም፤ ከቤታቸው ሰዎች ጋር ሊቈጥሩት ነው እንጂ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በማለዳ እየተነሣ ወደ በረት ይወርድ ጀመር። የማያውቀውንም ቃል ከወንድሙ እየጠየቀ በየማታው አሥር አሥር ቃል በደብተሩ ይጽፍ ነበር። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እንደ ተባለ፣ ክረምቱ ገብቶ በረዶው ምድሩን በሸፈነ ጊዜ የአስተማሪውን ቃል ይሰማ ጀመር። ልጆቹም ሲስቁ የሚስቁበትን ነገር ዐውቆ አብሮ ሳቀ።

አንድ ቀን በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአንድ ወታደር ፎቶግራፍ ተመለከተ። ብዙ ቀን አይቶት ነበር፤ ለመጠየቅ ግን ፈርቶ ነበር። በዚያ ቀን ግን፣ «አባባ፣ እኚህ ሰው ማን ናቸው?» አለ።

ገበሬው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ታናሽ ወንድሜ ነው። በጀርመን አገር በጦርነት ሞተ» አለው።

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «የእኔም አባት ከጦርነቱ አልተመለሱም» አለ።

ሁለቱም ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ ገበሬው እጁን በልጁ ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ «ላሞቹ ይጠብቁናል፤ ና እንውረድ» አለው። በዚያም ማታ ሁለቱ አብረው ወደ በረት ወረዱ። ካሣ ተቀበል፣ ይቅር በለኝ የተባባለ ማንም አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ቤት ውስጥ የሚፈራ ፎቶግራፍ አልኖረም።

ዓመቱ በተፈጸመ ጊዜ ልጁ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው አሜሪካኖች እንዲህ ናቸው፣ እንዲያ ናቸው እያሉ ያሟቸው ጀመር። ልጁም፣ «ሁሉን አላውቅም። እኔ የማውቃቸው ግን በማለዳ ተነሥተው የሚሠሩ፣ የጠላታቸውንም ልጅ ልጃችን የሚሉ ናቸው» አላቸው። እራት ከተበላ በኋላም እናቱ ሳሕኑን ልትሰበስብ ስትነሣ፣ ማንም ሳያዘው ቀድሟት ተነሥቶ ያጥብ ጀመር። እናቱም ልጅዋ የተማረው የሰው አገር ቋንቋ ብቻ እንዳልሆነ ዐወቀች።

ልጆች ሆይ፣ ወደ ሰው አገር መሄድ ለሁሉ አይደርሰውም። ነገር ግን ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ክፍል የመጣ ተማሪ በአጠገባችሁ ቢቀመጥ ሥራችሁ ይህ ነው፤ ቃሉን ሲሳሳት አትሳቁበት፤ ጨዋታችሁንና ሥራችሁን አካፍሉት። እናንተም ወደ ሰው ቤት ብትገቡ የተሻለውን ወንበር አትፈልጉ፤ የሚሠራውን ሥራ ጠይቁ። እንግዳ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ክብርን ያገኛል፤ ልጅ ሆኖ የሚቀመጥ ግን ወንድም ያገኛል።

ጥያቄ።
፩ መኪና ነጂዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ምን ቆረጡ? ስለ ምን?
፪ ልጁ ሳሕን እንዲያጥብ በታዘዘ ጊዜ ስለ ምን ተቈጣ? በኋላስ ምን ገባው?
፫ ልጁ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ መማሩ በምን ታወቀ?