የድምፅ ፕሮግራም ለሚጽፉ፦ ፓተንት የት ድረስ ይመለከተናል?

ሻንቶ ተቀምጦ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም የሚጽፍና ኮዱን ጊትሃብ ላይ በነፃ የሚለቅ ባለሙያ፣ ሕግ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያስበው የቅጂ መብትን ብቻ ነው። የድምፅ ሥራ ግን ፓተንት የበዛበት ዘርፍ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ኮድ መጻፍ ሳይጀምሩ ማየት ይሻላል።

1. ሁለቱን መብቶች ይለዩ። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ ስለሆነ፣ የሌላ ሰው ኮድ እስካልገለበጡ ድረስ አያሰጋዎትም። ፓተንት ግን ዘዴውን ይጠብቃል። ኮዱን ከባዶ ራስዎ ቢጽፉትም ዘዴው የተያዘ ከሆነ ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ።

2. የአገራችንን ሕግ ይወቁ፤ በእሱ ብቻ ግን አይተማመኑ። ስለ ፈጠራ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 በአንቀጽ 4 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች ይመድበዋል። ፕሮግራም የሚጠበቀው በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ፓተንት ደግሞ የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ስለሆነ፣ ሶዶ ያለ ሬዲዮ ጣቢያ ፕሮግራምዎን ቢጠቀም የአሜሪካ ፓተንት አይደርስበትም። ኮዱ ግን ሻንቶ አይቀርም። ጊትሃብም ጎግል ፕሌይም የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው፤ አውርደው የሚጠቀሙትና መልሰው የሚያሰራጩትም በየአገራቸው ሕግ ይገዛሉ።

3. ከኤምፒ3 ይማሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ነፃ የኤምፒ3 ማመቂያ ለሚሠሩ ሰዎች የፈቃድ ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላከ። «ሌም» የተባለው ነፃ የኤምፒ3 ማመቂያ አዘጋጆች ለዓመታት ያሰራጩት የኮዱን ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ተጭኖ የሚሠራ ፋይል አላቀረቡም። የኦዳሲቲ ተጠቃሚም ኤምፒ3 ለማውጣት ሌምን ለብቻው ፈልጎ መጫን ነበረበት። የፈቃድ ሽያጩ ያበቃው በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኦዳሲቲ ሌምን አብሮ ማቅረብ የጀመረው በ2019 ነው። ዛሬ ኤምፒ3ን ያለ ፈቃድ ክፍያ መጠቀም ይቻላል።

4. የፋይሉን ዓይነት አስቀድመው ይምረጡ። ለንግግርና ለሙዚቃ ኦፐስ፣ ጥራቱ ሳይነካ ለሚቀመጥ ቅጂ ፍላክ ጥሩ ናቸው። ኦፐስ እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ ሆኖ የጸደቀ ሲሆን፣ በሥራው የተሳተፉት ባለመብቶች ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ፈቅደዋል። ሌላ ወገን ጥያቄ አያነሳም የሚል ዋስትና ግን ለየትኛውም ኮዴክ የለም። ለኢንተርኔት ወጪም ይበጃል፦ የጊፋታ ዘፈን ከሚዘፍኑ አዛውንት ጋር የተደረገ የአንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ ባልታመቀ ዌቭ፣ በአንድ ቻናል፣ ወደ 318 ሜጋባይት ይይዛል። በ24 ኪሎቢት ኦፐስ ሲታመቅ 11 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ዘፈኑን ራሱን ግን በፍላክ ያስቀምጡት።

ኤኤሲ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቆየው መሠረታዊ ክፍሉ ቀለል ያለ ነው፤ በኋላ የተጨመሩት ግን አሁንም ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ናቸው። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት የሚያቀርበው እነዚያ ክፍሎች የተቀነሱለትን ቅጂ ነው። እርስዎ ካስፈለገዎት በስልኩ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ማመቂያ ይጥሩ እንጂ የራስዎን አያሽጉ።

5. ኮዴኩን ከዋናው ፕሮግራም ነጥለው ይሥሩ። ማመቂያውን የሚጠራው ኮድ አንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ካለ፣ ችግር ሲመጣ በአንድ ቀን ይቀየራል። በየቦታው ከተበተነ ግን ሥራው ወራት ይወስዳል።

6. የለቀቁበትን ፈቃድ ያንብቡ። አፓቺ 2.0 እና ጂፒኤል 3 ኮድ ያዋጣው ሰው ፓተንቱን ለተጠቃሚው እንዲፈቅድ በግልጽ ያስገድዳሉ። ኤምአይቲ ስለ ፓተንት በስም አያነሳም። ከሌላ ሰው ኮድ የሚቀበሉ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያስቀድሙ።

7. ደብዳቤ ቢደርስዎ አይደንግጡ፤ በችኮላም አይመልሱ። የፓተንቱን ቁጥር፣ የተሰጠበትን አገርና የማመልከቻውን ቀን ያጣሩ፤ በአብዛኛው አገር ጥበቃው ከማመልከቻው ቀን አንስቶ 20 ዓመት ነው። ከዚያ የመብቱ ወሰን በቁጥር የተዘረዘረበትን ክፍል ያንብቡ። መግቢያው ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ ወሰኑን አያሳይም። በአንድ ቁጥር ሥር ከተዘረዘሩት እርምጃዎች አንዱ እንኳ ኮድዎ ውስጥ ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያ ቁጥር አይመለከትዎትም። ያገኙትን ጽፈው ይያዙና መልስ ከመስጠትዎ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። የኮዱን የለውጥ ታሪክም አይሰርዙ፤ ዘዴውን መቼ እንደተጠቀሙበት በቀኑ የሚያሳየው እሱ ነው።