ግድቡና የመንደሩ ሕፃናት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

መንግሥት የሚያወጣው ዕቅድ፣ ስለ እርሻም ሆነ ስለ መንገድ የታሰበ ቢሆን፣ የሕዝቡን ጤና መንካቱ አይቀርም። የጤና ነገር ለሐኪም ብቻ የተተወ የሚመስላቸው ሰዎች ግን ይህን ይዘነጉታል። በትግራይ የተሠሩት አነስተኛ ግድቦች ሁኔታ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል።

የትግራይ ክረምት አጭር፣ ዝናቡም የማያስተማምን ነው። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት የክረምቱን ጎርፍ አቁሮ በበጋ ለመስኖ ለማዋል ብዙ አነስተኛ ግድቦች ተሠሩ። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም፤ ድርቅ ያየ ገበሬ ውሃን እንዴት ይጠላል? ይሁን እንጂ ውሃ በተጠራቀመበት ስፍራ የወባ ትንኝም መራቢያ ታገኛለች።

ተመራማሪዎች ይህንኑ ለመመርመር ከግድብ አጠገብ የሚገኙ 8 መንደሮችን መረጡ። ለማነጻጸሪያም በከፍታ ከነዚህ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን ከግድብ ተነሥታ ትንኝ በርራ የማትደርስባቸውን ሌሎች 8 መንደሮች ወሰዱ። ከ10 ዓመት በታች የሆኑ 7,000 ያህል ሕፃናትንም በየሩብ ዓመቱ ተከታተሉ። አንድ ሕፃን አንድ ወር ሙሉ ሲታይ አንድ «የሕፃን ወር» ተብሎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ውጤት መሠረት በ1,000 የሕፃን ወር ውስጥ ከግድብ ርቀው በሚኖሩት ዘንድ የታየው የወባ ሕመም 1.9 ሲሆን፣ በግድብ አጠገብ በሚኖሩት ዘንድ ግን 14 ደረሰ። ይኸውም ሰባት እጥፍ ማለት ነው።

ታዲያ ግድቡ ይፍረስ? ይህን ያለ የለም። ደባ በተባለ መንደር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሌላ ጥናት የትንኝ ዕጭ የተገኘው ከግድቡ ሥር ሾልኮ በሚወጣ ውሃ፣ በሚያፈስ የመስኖ ቦይ፣ እንዲሁም በወንዝ ዳር በሚቀር ኩሬ ውስጥ ነበር። የመንደሩ ነዋሪዎች ኩሬዎቹን ደፈኑ፤ ውሃውን አፋሰሱ፤ ሊደፈን ያልቻለውን በጥላ ሸፈኑ፤ በአካባቢው ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ ፀሐይ የሚያርፍበትን ውሃ ትመርጣለችና። የትንኞቹም ቁጥር በ49 በመቶ ቀነሰ። እርግጥ ይህ አኃዝ የትንኞች እንጂ የሕሙማን አይደለም፤ ቢሆንም በአካፋና በዶማ ለተገኘ ውጤት ትንሽ አይባልም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጥያቄው ግድቦቹ ከተሠሩ በኋላ መነሣቱ ነው። ውሃው የት እንደሚሾልክ፣ የትኛው ቦይ እንደሚያፈስ ከመሐንዲሱ ይልቅ በየዕለቱ ውሃ የምትቀዳው እናትና ከብቱን የሚያጠጣው እረኛ ቀድመው ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በስዊድን ከተማ በጎተንበርግ የተዘጋጀው የጤና ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድም ሕዝቡ ኑሮውን በሚነካ ውሳኔ የመካፈል መብቱን ከመሠረታዊ እሴቶች ቆጥሮታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92፣ የአካባቢ ጉዳይ ዕቅድ በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ ገና ሲነደፍ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ሰጥቶታል። ለስብሰባ ተጠርቶ ማጨብጨብ ግን ሐሳብ መስጠት አይደለም። ገበሬው ከተጠየቀ፣ መልሱ በግድቡ ንድፍ ላይ መታየት ይኖርበታል፤ ቦዩ በሲሚንቶ ይለሰን ወይስ አይለሰን፣ መንደሩ ከውሃው ምን ያህል ይራቅ የሚለው ሁሉ በዚያው ጊዜ ይወሰናል።

ጥያቄዎች

፩. በጥናቱ ውስጥ ከግድብ የራቁ መንደሮች ለምን ተጨመሩ?

፪. «አቁሮ»፣ «ሾልኮ»፣ «ይለሰን» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

፫. በአካባቢያችሁ ሊሠራ የታሰበ ነገር ቢኖር፣ ስለ ጤና ማን ማን ሊጠየቅ ይገባል? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።